ከኢንተርኔት ያነበብነውን የምናስቀምጥበት አፕ እንዴት እንምረጥ?

እህቴ የማስተርስ ጥናቷን የሠራችው ስለ ንብ ማነብ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ያገኘችውን ጠቃሚ ነገር ሁሉ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ ታስቀምጥ ነበር። ሊንክ፣ ሊንክ፣ አሁንም ሊንክ። መጻፍ የጀመረች ቀን አንዱን ነካችው፤ ገጹ የለም። ሌላውን ነካችው፤ ድረ ገጹ ባለቤት ቀይሮ የቁማር ማስታወቂያ ሞልቶበታል። ሦስተኛው ተከፈተ፤ ግን የባህላዊ ቀፎን፣ የሽግግር ቀፎንና የዘመናዊ ቀፎን ምርት የሚያወዳድረው ሠንጠረዥ ምስል ስለነበር ቦታው ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ቀርቷል። «አንብቤዋለሁ እኮ!» ትላለች። እውነቷን ነው፣ አንብባዋለች። እጇ ላይ ያለው ግን የጽሑፉ አድራሻ እንጂ ጽሑፉ አይደለም።

ይሄ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ኢንተርኔት ላይ ከነበሩ ገጾች 38 በመቶው ከዐሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። ሦስት ሊንክ ካስቀመጣችሁ አንዱ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አፕ ስንመርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ያምራል ወይ?» ወይም «ሰው ሁሉ የሚጠቀመው የትኛውን ነው?» የሚለውን አይደለም። ጽሑፉ ራሱ እኔ ጋ ይቀመጣል ወይ? ስፈልገው በአማርኛ ፈልጌ አገኘዋለሁ ወይ? አፑ ቢዘጋ ይዤው እወጣለሁ ወይ? ከእህቴ ጋር ብዙ አፕ ሞክረን የደረስንበትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ የምታስቀምጡት ምን እንደሆነ እወቁ

አፕ ከማውረዳችሁ በፊት ሴቭድ ሜሴጅሳችሁን ክፈቱና የመጨረሻዎቹን 20 ነገሮች እዩ። ስንቱ ሊንክ ነው? ስንቱ ስክሪንሾት ነው? ስንቱ ከቻናል ፎርዋርድ የተደረገ ፖስት ነው? ስንቱ ፒዲኤፍ ነው? ወረቀት ላይ ጻፉት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይሄን የምለው የሰው ፍላጎት ስለሚለያይ ነው። የምግብ አሠራር የምትሰበስብ ሰው ምስሉ ያስፈልጋታል። ሕግ የሚያነብ ሰው አዋጁን በፒዲኤፍ ነው የሚይዘው። ዜና የሚከታተል ሰው ቀኑን ማወቅ አለበት። የሁሉንም ፍላጎት እኩል የሚያሟላ አፕ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በብዛት የወጣውን ነገር በደንብ የሚይዘውን ፈልጉ።

ስለ ቴሌግራም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙዎቻችን የምናስቀምጠው እዚያ ነውና። የቻናል ፖስት ፎርዋርድ ስታደርጉ ጽሑፉ አብሮ ይመጣል፤ እሱ ጥሩ ነው። የድረ ገጽ ሊንክ ስትልኩ ግን የሚቀመጠው ሊንኩ፣ ርዕሱና ትንሽ ቅንጫቢ ነው። ሙሉ ጽሑፉ አልገባም። ደግሞ የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ለወራት ሲዘጉ ያየነውን አንርሳ። ያለ ቪፒኤን ሴቭድ ሜሴጅሱን ማግኘት ያቃተው ስንቱ ነው! ቴሌግራምን እንደ መቀበያ ተጠቀሙበት፤ መንገድ ላይ ያያችሁትን ወርውሩበት። ቋሚ ማስቀመጫችሁ ግን አይሁን።

ሁለተኛ፦ ከመግባታችሁ በፊት መውጫውን እዩ

ፖኬት የሚባል አፕ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የጀመረው፤ በኋላ ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ገዛው። «በኋላ ላንብበው» የሚል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አፕ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋ። ከእሱ በፊት ኅዳር 2017 ላይ ኦምኒቮር የሚባለው፣ ነፃና ክፍት ምንጭ (ኮዱን ማንም ሰው ማየትና መጠቀም የሚችልበት) የነበረው አፕ አገልግሎቱን አቁሟል። ኤቨርኖት እስካሁን አለ፤ ግን ባለቤት ከቀየረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ በነፃ የሚጠቀመውን ሰው 50 ማስታወሻና አንድ ኖትቡክ (የማስታወሻዎች መያዣ) ላይ ገደበው። ሃምሳ ማስታወሻ ለአንድ ሴሚስተርም አይበቃም።

ከፖኬት የተማርኩት ትልቁ ነገር ኤክስፖርት (ያስቀመጡትን ከአፑ ማውጣት) የሚለውን ቃል ብቻ ዓይቶ አለመርካትን ነው። ፖኬት ሲዘጋ ሰዎች ዳታቸውን አውርዱ ተባሉ። የወረደው ፋይል ግን የሊንክና የርዕስ ዝርዝር ነበር። ጽሑፉ የለበትም። ዓመታት የሰበሰበ ሰው መልሶ አድራሻ ብቻ ታቅፎ ቀረ።

እናም አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲስ አፕ ስታወርዱ መጀመሪያ ሦስት ጽሑፍ ብቻ አስገቡበት። ከዚያ ወዲያውኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስፖርት የሚለውን ፈልጉ። አውጡት። የወጣውን ፋይል በሌላ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ በኖትፓድ ወይም በብሮውዘር ክፈቱት። ሦስቱም ጽሑፎች ሙሉ በሙሉ አሉ? አማርኛው በትክክል ይነበባል ወይስ የጥያቄ ምልክትና ሳጥን ሆኗል? ምስሎቹ አብረው ወጥተዋል? ይሄን ያላለፈ አፕ ሌላው ነገር ምንም ቢያምር ይቅርባችሁ። ሦስት ጽሑፍ ላይ ማወቅ ሦስት ሺህ ላይ ከማወቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ የኢንተርኔት ዳታውን ዘግታችሁ ሞክሩት

ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። አፑን ሙሉ በሙሉ ዝጉና እንደገና ክፈቱት። ያስቀመጣችሁትን ጽሑፍ ንኩት። ተከፈተ? ጥሩ። ዝም ብሎ የሚዞር ክብ ምልክት ካሳያችሁ ግን ጽሑፉ ያለው ሌላ አገር ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኮኔክሽን ሲኖራችሁ ብቻ ነው የምታዩት። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲጠፋ የነበረውን ታስታውሱታላችሁ። ያን ያህል እንኳ ባይሆን፣ መብራት ሄዶ ኔትወርክ ሲዳከም፣ ፓኬጅ ሲያልቅ፣ ገጠር ስትወጡ ማንበብ መቻል አለባችሁ። እህቴ መረጃ የምትሰበስበው ገበሬዎች ጓሮ ቀፎ አጠገብ ቆማ ስለነበር፣ ይሄ ለእሷ የመጀመሪያው መስፈርት ነበር።

ክፍያውንም እዚሁ ላይ አስቡበት። ብዙዎቹ አፖች ዋጋቸው በዶላር ነው፣ በወር ወይም በዓመት። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው ካርዱን ያስገባል፣ አለቀ። አዲስ አበባ ላለ ሰው ግን ኦንላይን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ዘመድ ይከፍልልኛል ብላችሁ ብትጀምሩም አንድ ወር ሲዘለል አካውንቱ ወደ ነፃው ይመለሳል። ምክሬ አጭር ነው፦ በነፃው ብቻ ለዘላለም መኖር የሚቻልበትን ምረጡ።

አራተኛ፦ በአማርኛ ፈልጉበት

አማርኛ የምናነብ ሰዎች ተለቅ አድርገን ልናየው የሚገባ ጉዳይ ይሄ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጻፉ የአፕ ማወዳደሪያዎች ላይ ይሄን አታገኙትም።

አንድ ቃል በስንት መንገድ እንደምንጽፍ አስቡ። ፀሐይን ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ይሆናል። ሁለተኛው ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ ወይም ኃ። ሁለት በስድስት፣ 12 አጻጻፍ። አንዱ ጋዜጣ ፀሐይ ይላል፣ ሌላው ጸሀይ ይላል፣ ፌስቡክ ላይ ፀሃይ ታገኛላችሁ። ለእኛ አንድ ቃል ነው። ለአፑ ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሥራና ስራ፣ ዓለምና አለም፣ መንግሥትና መንግስትም እንደዚሁ።

ሁለተኛው ችግር ቃሉ ላይ የሚለጠፈው ነገር ነው። እህቴ «ንብ» ብላ ስትፈልግ የሆነውን ልንገራችሁ። አንደኛው አፕ ንብ የሚለው ቃል ብቻውን ቆሞ የተጻፈበትን ብቻ አመጣላት፤ «የንብ መንጋ»፣ «በንብ ማነብ»፣ «ለንብ» የሚሉት አልመጡም። ጽሑፎቿ ውስጥ በብዛት ያለው ደግሞ እሱ ነው። ሌላኛው አፕ ሆሄያቱ ያሉበትን ሁሉ ሰብስቦ አመጣ። የንብ መጣ፣ በንብ መጣ፣ አብሮ «ንብረት» መጣ፣ «አንብቡ» መጣ። «ንቦች» ግን አልመጣም፤ ብ ወደ ቦ ተቀይሯላ።

ፈተናው ይኸውላችሁ። አፑ ውስጥ አንድ ማስታወሻ ክፈቱና እነዚህን ጻፉ፦ ንብ፣ የንብ፣ ንቦች፣ ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ሥራ፣ ስራ። ሌላ ማስታወሻ ላይ አንድ አማርኛ ጽሑፍ ፔስት አድርጉ። ከዚያ ፍለጋው ላይ ንብ ብላችሁ፣ ስራ ብላችሁ ጻፉና ምን እንደሚያመጣ እዩ። እኔ ከሞከርኳቸው ውስጥ ሥራንና ስራን አንድ አድርጎ ያየልኝ አላጋጠመኝም። ስለዚህ የምትመርጡት ቢያንስ ቃሉ መሀል ያለውን ጭምር የሚፈልገውን ነው። «የንብ»ን የማያገኝ አፕ አማርኛ ለሚያነብ ሰው ከባድ ነው።

ከዚያ ውጭ መፍትሔው እናንተ ጋ ነው። ጽሑፍ ባስቀመጣችሁ ቁጥር ከላይ አንድ መስመር በራሳችሁ አጻጻፍ ጻፉ። ጋዜጣው «ፀሐይ» ይበል፣ «ጸሃይ» ይበል፣ እናንተ ሁልጊዜ ስልካችሁ ላይ የሚቀላችሁን አንዱን ብቻ ጻፉ። «ንብ ማር ቀፎ ክረምት መቀለብ» ዓይነት አምስት ስድስት ቃል ይበቃል። ቁም ነገሩ አንድ አጻጻፍ መርጦ እሱ ላይ መጽናቱ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የምትፈልጉት በዚያው እጃችሁ በለመደው አጻጻፍ ስለሆነ ታገኙታላችሁ።

አምስተኛ፦ አፖቹን አንድ በአንድ

ሁሉንም አልዘረዝርም። ሰው በብዛት የሚጠይቀኝን ብቻ ላንሳ።

ጉግል ኪፕ ቀላል ነው፣ ስልካችሁ ላይም ሳይኖር አይቀርም። ድረ ገጽ ሼር ስታደርጉበት ግን የሚይዘው ርዕሱንና ሊንኩን ነው። የገበያ ዝርዝር፣ ስልክ ቁጥር፣ ድንገት የመጣ ሐሳብ ይያዝበት። ረጅም ጽሑፍ ለማስቀመጥ አልተሠራም።

ዋንኖት የማይክሮሶፍት ነው፤ ነፃ ነው፣ ዋንድራይቭ ላይ 5 ጊጋባይት ቦታ ይሰጣችኋል። ክሊፐር የሚባለው የብሮውዘር መቁረጫው ሙሉ ገጹን፣ ጽሑፉን ብቻ ወይም የመረጣችሁትን ክፍል ይወስዳል። ቢሮ ውስጥ ማይክሮሶፍት ለሚጠቀም ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። የእኔ ቅሬታ መውጫው ላይ ነው። ብዙ ማስታወሻ በአንድ ጊዜ፣ ሌላ አፕ በሚረዳው ቅርጽ ማውጣት ያደክማል።

ኖሽን ሲያዩት ያምራል፤ ለቡድን ሥራና ለሠንጠረዥ የሚደርስበት የለም። የድረ ገጽ መቁረጫ አለው፣ ኤክስፖርቱም ደህና ነው። ግን መኖሪያው ኢንተርኔት ላይ ነው። ያለ ኮኔክሽን መሥራት የጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ሲሆን፣ በነፃው የምትፈልጉትን ገጽ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጋችሁ ማውረድ አለባችሁ። ከነገ ጀምሮ ኔትወርክ ሊጠፋ እንደሆነ ማን ነግሯችሁ ነው ምልክት የምታደርጉት? በዚህ ምክንያት ለማስቀመጫነት አልመክረውም።

ኢንስታፔፐር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አለ። ማስታወቂያውን አራግፎ ጽሑፉን ብቻ፣ ያለ ኮኔክሽን እንድታነቡ ያደርጋል። ለማንበብ ደስ ይላል። ኤክስፖርት ስታደርጉ ግን እንደ ፖኬት የሚወጣው የሊንክ ዝርዝር ነው። ማንበቢያ እንጂ ማከማቻ አይደለም።

ኦብሲዲያንን እወደዋለሁ፤ የራሴን ነገር የማስቀምጠው እሱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ማስታወሻ ኮምፒውተራችሁ ወይም ስልካችሁ ላይ ያለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። አፑ ነገ ቢዘጋ ፋይሉን በኖትፓድ ትከፍቱታላችሁ፤ ኤክስፖርት የሚባል ነገርም አያስፈልግም። የራሱ የድረ ገጽ መቁረጫ አለው። ፍለጋው ደግሞ ለአማርኛችን አንድ በረከት አለው። በሁለት ጋዳ መስመር (/) መካከል አማራጭ ፊደላትን በማዕዘን ቅንፍ ማስገባት ትችላላችሁ። ለምሳሌ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

/[ፀጸ][ሀሐኀሃሓኃ]ይ/

ዐሥራ ሁለቱንም ፀሐይ በአንድ ጊዜ ያመጣል። መጀመሪያ ሲሠራ ሳየው ለእህቴ ደውዬ ነው የነገርኳት። ሁለት እንከን ግን አለው። መቁረጫው ጽሑፉን ሲያስገባ ምስሎቹን የሚያስገባው በሊንክ ነው፤ ምስሉ ዋናው ድረ ገጽ ላይ ከጠፋ እናንተም ጋ ይጠፋል፣ ለማውረድ ሌላ ትዕዛዝ መስጠት አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚያገናኘው የራሱ ሲንክ በክፍያ ነው።

ጆፕሊን ነፃ ነው፣ ክፍት ምንጭ ነው። ምስሎቹን ከጽሑፉ ጋር አውርዶ እናንተ ጋ ያስቀምጣል። ስልክና ኮምፒውተር የሚያገናኘው በነፃ ድሮፕቦክስ ወይም በነፃ ዋንድራይቭ አካውንት ነው። ያለ ኮኔክሽን ይከፈታል። መልኩ እንደ ኖሽን አያምርም፣ ስልክ ላይም ትንሽ ሻካራ ነው። እህቴ ሠንጠረዦቿና ምስሎቿ እንዳይጠፉ ስለፈለገች የመረጠችው ይሄን ነው። ኮምፒውተር ካላችሁና ለአፕ የምትከፍሉት ዶላር ከሌላችሁ እኔም ከዚህ ጀምሩ እላለሁ።

ስድስተኛ፦ አንድ ጽሑፍ አብረን እናስቀምጥ

ጆፕሊንን ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ቱልስ ውስጥ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ዌብ ክሊፐር የሚለውን ክፈቱና አገልግሎቱን አብሩት። እዚያው ገጽ ላይ የክሮምና የፋየርፎክስ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ማውረጃ አለ፤ የምትጠቀሙበትን ጫኑ። ልብ በሉ፣ መቁረጫው የሚሠራው ጆፕሊን ራሱ ተከፍቶ ሲቆይ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አልሠራም» ብሎ የሚተወው አፑን ዘግቶት ነው።

አሁን «በክረምት የቀፎ አያያዝ» የሚል ጽሑፍ አገኛችሁ እንበል። መጀመሪያ እስከ ታች ድረስ ውረዱ። ይሄ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ብዙ ድረ ገጽ ምስሉን የሚጭነው ስትደርሱበት ብቻ ስለሆነ ሳትወርዱ ከቆረጣችሁ ባዶ ቦታ ይገባል። ከዚያ የኤክስቴንሽኑን ምልክት ንኩ። ቀለል ያለውን ገጽ የሚወስድ፣ ሙሉውን የሚወስድ፣ የመረጣችሁትን ብቻ የሚወስድ ምርጫ ታያላችሁ። ለጽሑፍ ቀለል ያለው ይሻላል፤ ማስታወቂያውንና ሜኑውን ያራግፍላችኋል። አንዳንድ የአማርኛ ድረ ገጽ ላይ ግን አብሮ የጽሑፉን መጨረሻ ይቆርጠዋል። ያኔ ከርዕሱ እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ በማውዝ ቀለም ቀቡትና የተመረጠውን ብቻ የሚለውን ተጠቀሙ። ከመላካችሁ በፊት ኖትቡኩን ምረጡ፤ ታግ (መለያ ቃል) የሚለው ላይ «ንብ» ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ጆፕሊን ውስጥ ግቡና የገባውን ክፈቱት። የመጨረሻውን አንቀጽ አንብቡ። አለ? ከላይ ሦስት መስመር ጨምሩ። አንዱ በራሳችሁ አጻጻፍ የጻፋችሁት የመፈለጊያ ቃል። ሁለተኛው ለምን እንዳስቀመጣችሁት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ለምዕራፍ ሁለት፣ ስለ መቀለብ የሚያወራው ክፍል»። ሦስተኛው የጸሐፊው ስምና ቀን። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፦ «ነሐሴ 2016፣ ኦገስት 2024»። የእኛ ጋዜጣ 2016 ብሎ ሲጽፍ በኋላ የእኛው ይሁን የፈረንጁ መለየት ይቸግራል፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ደግሞ ጥናት ያበላሻል።

ስትፈልጉ ደግሞ ጆፕሊን ፍለጋ ላይ ንብ ብቻ ብትሉት «የንብ»ን ላያመጣ ይችላል። ከፊቱ ጋዳ መስመር አድርጉበት፣ «/ንብ» ብላችሁ። ያኔ ቃሉ መሀል ያለውንም ይፈልጋል። ንብረትም አብሮ ይመጣል፤ እሱን ቻሉት፣ ታጉ ስላለ ትለዩታላችሁ።

ስልክ ብቻ ላላችሁ

ቤሩት ወይም ሪያድ ሥራ ላይ ያለች እህት፣ ክፍለ ሀገር ያለ ተማሪ፣ ኮምፒውተር የለውም። ስልክ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ፋየርፎክስን አንድሮይድ ስልክ ላይ ከጫናችሁ ግን ኤክስቴንሽን ይቀበላል፤ የኦብሲዲያን መቁረጫም እዚያ ላይ ይጫናል። ስልክ ብቻ ካላችሁ እንግዲህ ፋየርፎክስና ኦብሲዲያንን አብራችሁ ያዙ፤ ሲንክ ስለማያስፈልጋችሁ ክፍያውም አይመለከታችሁም።

ይሄ ከከበዳችሁ የድሮው መንገድ አለ። ጽሑፉን ተጭናችሁ ምረጡ፣ ኮፒ፣ አፑ ላይ ፔስት፣ ከላይ ሊንኩ። በጣም ቀላል ነው፤ የጽሑፉ መግቢያም መውጫም እናንተ እጅ ላይ ነው። ፌስቡክ ላይ ላለ ጽሑፍም የምጠቀመው ይሄንኑ ነው፤ ፌስቡክ መግቢያ ስለሚጠይቅ መቁረጫዎቹ በደንብ አይሠሩበትም። ስክሪንሾት ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ሁለት መቶ የጽሑፍ ፎቶ ጋለሪ ውስጥ ከሠርግ ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

ፒዲኤፍ ላይ የሚያጋጥም ነገር

አዋጅ፣ የድሮ ጥናት፣ የቢሮ መመሪያ ስታወርዱ ሲያዩት ጥሩ አማርኛ ነው። ኮፒ አድርጋችሁ ፔስት ስታደርጉ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፋይላችሁ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ተደርጎ ነበር የሚጻፈው። ለዓይን አማርኛ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን አይደለም። እንዲህ ያለ ፒዲኤፍ ውስጥ የትኛውም አፕ በአማርኛ ፈልጎ አያገኝም። ስለዚህ ፒዲኤፉን ማስታወሻው ላይ አያይዙትና ርዕሱን፣ የአዋጁን ቁጥርና የሚጠቅማችሁን አንቀጽ በእጃችሁ ተይቡ። ያቺ የተየባችኋት መስመር ናት ፋይሉን የምታስገኝላችሁ።

የመጨረሻው ሥራ፦ ቅጂ

ስልክ ይሰረቃል፣ ሃርድ ዲስክ ይሞታል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወይም የሚመቻችሁን ቀን ይዛችሁ ጆፕሊን ላይ ፋይል፣ ኤክስፖርት ኦል ብላችሁ ሁሉንም አውጡና ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ኦብሲዲያን ከሆነ ፎልደሩን እንዳለ መገልበጥ ነው። የፋይሉን ስም በቀን ሰይሙት፣ የባለፈውን ወር አታጥፉት።

በጣም ለምትሳሱላቸው ጽሑፎች ደግሞ ዌይባክ ማሽን አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭ የሚያስተዳድረው ነው። ሊንኩን ሰጥታችሁት ገጹን እንዲያስቀምጥ ስታዙት ሌላውም ሰው የሚያየው ቅጂ ያስቀርላችኋል፤ ነፃ ነው። የሞተ ሊንክ ሲገጥማችሁም ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያ ፈልጉት። እህቴ ከጠፉባት ሦስት ገጾች አንዱን፣ ያንን ሠንጠረዥ ያለበትን፣ ከእነ ምስሉ ያገኘችው እዚያ ነው። ያን ዕለት ማታ ጆፕሊን ላይ ቆረጠችው፣ ከላይ «ቀፎ ምርት ማወዳደሪያ፣ ምዕራፍ አራት» ብላ ጻፈችበት፣ ከዚያ ዳታዋን አጥፍታ መከፈቱን አየች።